ከሆድ ዕቃ ስለሚመጣ የማይለቅ ድካም

ሰው ሲሠራ ውሎ ቢደክመው፥ ወይም ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ቢደነዝዝ፥ ምክንያቱ የታወቀ ስለ ሆነ የሚመራመርበት የለም፤ ተኝቶ ሲነሣ ይለቀዋል። ነገር ግን እንቅልፉን ጠግቦ ተኝቶ፥ ምግቡንም በልቶ፥ ትኩሳት ሳይኖረው፥ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ የሚከዳው፥ መጽሐፍ ገልጦ ሁለት ገጽ ሳይጨርስ ዐይኑ የሚከደንበት ሰው አለ። ይህ ሁኔታ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይቈያል። ሰውየው ራሱ መታመሙን አያውቅም፤ ጓደኞቹ ሰነፍ ይሉታል፤ መምህሩም ትጋት ይጐድለዋል ብሎ ይፈርድበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ድካም ብዙውን ጊዜ ከጠባይ ሳይሆን ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሣ መሆኑን ማስረዳት ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገውም ሆድ ሳያም ድካሙ ብቻ ሊታይ መቻሉ ነው፤ በሽተኛው ስለ ጉልበቱ ይናገራል እንጂ ስለ ሆዱ የሚናገረው ነገር የለውም። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የብረትን ሒሳብ ማወቅ ያሻል። በአንድ ጤነኛ ጐልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ ይህም ከአንድ ትንሽ ምስማር አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው በሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ ጡንቻና ወደ አንጐል ያደርሳል፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት የብረት አቶሞች አሉት፥ ኦክሲጅኑም የሚያዘው በእነዚሁ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲሞት ሰውነት ብረቱን አይጥለውም፤ ለቅሞ ለአዲስ ደም መሥሪያ ያደርገዋል። በዚህ ዐይነት በየቀኑ ከ20 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ብረት ከአሮጌው ደም ወደ አዲሱ ሲዘዋወር፥ ከምግብ የሚገባው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከቆዳና ከአንጀት በሚረግፉት ሕዋሳት የሚወጣውም ያንኑ ያህል ነው።

እንግዲህ ሰውነት በብረት ረገድ እጅግ ቈጣቢ እንደ ሆነ ቤተ ሰብ ይኖራል፤ ገቢውም ወጪውም ጥቂት ነው፥ የሚኖረውም በጐተራው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ ትልቅ ጥፋት ታመጣለች። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለው። ስለዚህ በቀን 3 ሚሊ ሊትር ደም፥ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ፥ በአንጀት በኩል ቢፈስ የብረቱ ወጪ እጥፍ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ደም የሰገራን መልክ አይለውጥም፤ ቍርጠትም ላያመጣ ይችላል። ሰውነት መጀመሪያ በጉበትና በመቅኒ ያከማቸውን ብረት ያወጣል፤ ያ ሲያልቅ ደሙ ራሱ ይሳሳል። ድካሙ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ብረት በጡንቻ ውስጥና ሕዋሳት ምግብን ወደ ኀይል በሚለውጡባቸው ኤንዛይሞች ውስጥም ስለሚያስፈልግ፥ የደሙ መጠን ገና ደኅና ሳለ ሰውየው ሊዝል ይችላል።

ብረት ወደ ደም የሚገባበትም በር አንድ ነው፤ እርሱም ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ነው። በሩን የሚጠብቀው ሄፕሲዲን የተባለው ከጉበት የሚወጣ ሆርሞን ሲሆን የታወቀው በ2000 አካባቢ ነው። ብረት ሲበዛ ሄፕሲዲን ይጨምርና በሩን ይዘጋል፤ ብረት ሲያንስ ይቀንስና በሩ ይከፈታል። ይሁን እንጂ በሰውነት ውስጥ የሚቈይ ብግነት ካለ፥ ብረት እያስፈለገ እንኳ ሄፕሲዲን ከፍ ብሎ በሩን ይዘጋዋል። ለዚህ ነው ሥር የሰደደ የአንጀት ቍስለት ያለባቸው ሰዎች ብረት ያለበት ምግብ እየበሉ ደማቸው የሚያንሰው።

ይህ ሁሉ ባልታወቀበት ዘመን የሆነ አንድ ታሪክ አለ፤ ከማናቸውም ማብራሪያ ይልቅ ነገሩን ግልጽ ስለሚያደርገው ጥቂት እንቈይበት። ከ1872 እስከ 1882 ድረስ በስዊስ አገር በሴንት ጎትሃርድ ተራራ ሥር 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር መተላለፊያ ዋሻ ይቈፈር ነበር። ቈፋሪዎቹ ከሞላ ጐደል ኢጣሊያውያን ነበሩ። በዋሻው ውስጥ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ መሬቱ ጭቃና ውሃ ነው፤ ሠራተኞቹም መጸዳጃ ስለሌላቸው እዚያው በሥራቸው ቦታ ይጸዳዱ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ጕልበታሞቹ ሰዎች ፊታቸው እንደ ሰም እየገረጣ፥ ትንፋሽ እያጠራቸው፥ መዶሻ ማንሣት እያቃታቸው ሄዱ። አንዳንዶች ምክንያቱ የዲናሚት ጢስ ነው አሉ፤ ሌሎች የፀሐይ ብርሃን ማጣት ነው አሉ፤ የአየሩ መክፋት ነው ያሉም ነበሩ። እያንዳንዱ ምክንያት ለሚሰማው ሰው እውነት ይመስላል።

መልሱ ግን ከዚያ በፊት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። አንጄሎ ዱቢኒ የተባለ የሚላኖ ሐኪም በ1838 አስከሬን ሲመረምር በቀጭኑ አንጀት ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያህል ቀጭን ትል አግኝቶ በ1843 ስለ እርሱ ጽፏል። ግሪሲንገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ደግሞ በካይሮ ሲሠራ የግብፅን ገበሬዎች የሚያመነምነው የደም ማነስ የሚመጣው ከዚሁ ትል መሆኑን በ1854 አሳወቀ። ሆኖም የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን የሞቃት አገር ነገር ነው ብለው አለፉት። በ1880 ፔሮንቺቶ የተባለው የቶሪኖ መምህር የጎትሃርድን ሠራተኞች መርምሮ ያንኑ ትል በብዛት አገኘ። ዋሻው በተራራው ሥር የሞቃት አገርን አየርና ጭቃ ፈጥሮለት ስለ ነበር ትሉ እንደ ልቡ ተባዝቷል። ሌላው የኢጣሊያ ሐኪም ቦትሶሎ ቲሞል በሚባለው መድኃኒት በሽተኞቹን ማከም ጀመረ፤ ትሉ ሲወጣም ደማቸው ይመለስ ጀመር። ኋላ ደግሞ ያው በሽታ በጀርመንና በእንግሊዝ አገር የማዕድን ጕድጓዶች ውስጥ ተገኘ።

ይህ ትል አፉ ላይ ጥርስ ወይም ስለት አለው፤ በአማርኛ የመንጠቆ ትል ይባላል። ከአንጀት ግድግዳ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ቦታውንም እየለወጠ ሲሄድ የተወው ቍስል ጥቂት ጊዜ ይደማል። በሰው ላይ በብዛት የሚገኙት ዐይነቶቹ ሁለት ናቸው። ኔካቶር አሜሪካኑስ የተባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያፈስሳል፤ አንኪሎስቶማ ዱኦዴናሌ የተባለው ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ። እስቲ ከላይ ወዳየነው ሒሳብ እንመለስ። አንድ መቶ ኔካቶር ያለበት ሰው በቀን 3 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል፤ በብረት ሲተመን 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ጥቂቱ እዚያው አንጀት ውስጥ ተመልሶ ቢመጠጥም የቀረው ኪሳራ ገቢውን ሊውጠው ምንም አይቀረው። ብረት ያለበትን ምግብ በሚገባ የሚበላ ሰው ይህን ሸክም ለዓመታት ሊችለው ይችላል፤ የወር አበባ የሚፈስሳት ወይም የምታጠባ ሴት ግን፥ በማደግም ላይ ያለ ልጅ፥ ቶሎ ይወድቃሉ። ኔካቶር በሰው አንጀት ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊኖር ስለሚችል አደጋው የአንድ ክረምት ጕዳይ አይደለም።

ትሉ ወደ ሰው የሚገባበትን መንገድ ያገኘው አርተር ሎስ የተባለው በካይሮ ያስተምር የነበረ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የትሉን እጮች የያዘ ውሃ ሳያስበው እጁ ላይ ጠብ ቢልበት ቦታው ቀልቶ አሳከከው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በገዛ ሰገራው ውስጥ የትሉን ዕንቍላል አገኘ። ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ በኋላ ግን እጩ በእግር ቆዳ ገብቶ፥ በደም ወደ ሳንባ ተጕዞ፥ በጕሮሮ ወጥቶ፥ ከተዋጠ በኋላ አንጀት ላይ እንደሚደርስ ተረጋገጠ። ስለዚህ ድካሙ የሆድ ቢሆንም የገባው በእግር ነው።

ሰነፍ ስለሚባለው ሰው ካነሣን ዘንድ የአሜሪካ ደቡብ ክፍል ታሪክ ሳይነሣ አያልፍም። በዚያ አገር ይኖሩ የነበሩ ድኾች ነጭ ገበሬዎች በሌላው አሜሪካዊ ዘንድ በስንፍናቸው የሚቀለድባቸው ነበሩ። ቻርልስ ስታይልስ የተባለው የእንስሳት ሊቅ በ1902 ኔካቶርን ለይቶ ስም ከሰጠው በኋላ የእነዚህ ሰዎች ስንፍና አብዛኛው በሽታ መሆኑን በአንድ ጉባኤ ላይ ቢናገር፥ ጋዜጠኞች «የስንፍና ጀርም ተገኘ» ብለው አፌዙ። ፌዙ ግን ጥሩ ማስታወቂያ ሆነለት። በ1909 ሮክፌለር ለዚሁ ሥራ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በዐሥራ አንድ ክፍለ አገሮች ምርመራ ሲደረግ ከተመረመሩት ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ ትሉ ተገኘባቸው። ሆይት ብሌክሊ የተባለው የኤኮኖሚ ሊቅ በ2007 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፥ ከዘመቻው በፊት ትሉ በጣም በዝቶባቸው በነበሩት አውራጃዎች ከዘመቻው በኋላ የልጆች ትምህርት ቤት መሄድና ማንበብ መቻል ከሌሎቹ ይልቅ ጨመረ፤ አድገውም የተሻለ ገቢ አገኙ። ትሉን ማስወጣት የጠባይ መምህር ሊያደርገው ያልቻለውን አደረገ ማለት ነው።

በአገራችን ነገሩ የተለየ መልክ አለው። በ1958 አንድ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ኮሚቴ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርመራ፥ ቀጥሎም ሆፍቫንደር የተባለው የስዊድን ሐኪም በ1968 ባሳተመው ጥናት፥ ጤፍ የሚበላው የደጋ ሕዝብ በቀን የሚያገኘው ብረት እጅግ ብዙ መሆኑና በብረት ማነስ የሚመጣ የደም ማነስ በዚያ ሕዝብ ዘንድ ጥቂት መሆኑ ተገልጦ ነበር። የብረቱ ብዛት ከፊሉ ከእህሉ ራሱ ሳይሆን በአውድማ ላይ በሬ ሲያበራየው ከሚቀላቀለው ዐፈር ነው። የዐፈር ብረት ምን ያህል ወደ ደም እንደሚገባ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እርሾው ሊጡን ሲያቦካው ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፊታት የተባለውን ነገር መቀነሱ ግን የታወቀ ነው። የሆነ ሆኖ በ2016 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካላቸው ሴቶች ከመቶው 24ቱ፥ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ደግሞ ከመቶው 57ቱ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። በአዲስ አበባ የሴቶቹ ቍጥር 16 ሲሆን በሶማሌ ክልል ወደ 60 ይደርሳል። ይህ ሁሉ የትል ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ የምግብ ማነስ፥ ወባና መውለድም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ የደጋና የቈላ ልዩነት ልብ ይባል። የመንጠቆ ትል እጭ ሙቀት፥ እርጥበትና ጥላ ያለበት ዐፈር ስለሚሻ በብርዳሙ ደጋ አይለማም፤ በቡና አገርና በእርጥብ ቈላ፥ ሰው ባዶ እግሩን በሚሠራበት ቦታ ግን ይመቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ትል ሲባል በሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው የኮሶ ትል ነው። ቍራጩ በዐይን ስለሚታይ ሰው ይጸየፈዋል፤ አባቶቻችንም በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ያስወጡት ነበር። ከጥሬ ሥጋ የሚገኘው የኮሶ ትል ግን ብዙ ሜትር ቢረዝምም ደም አይመጥጥም፤ ከምግባችን ጥቂት ይካፈላል እንጂ ሰውን እንዲህ አድርጎ አያመነምንም። ሰውን የሚያዝለው አንድ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፥ ማንም በዐይኑ አይቶት የማያውቀው ነው። የኮሶን ያህል ባህልና ጭውውት ያለመፈጠሩ ምክንያት አለመታየቱ ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ የተማሪ ቤት ልጆችን ሁሉ የሚመለከት የትል መድኃኒት ዘመቻ የተጀመረው በ2015 ነው። መድኃኒቱ አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ የሚወሰድ 400 ሚሊ ግራም ሲሆን ዋጋውም እጅግ ርካሽ ነው። መሬቱ እስካልጸዳ ድረስ ግን ትሉ ተመልሶ ይገባል፤ ቡና ለቃሚው ጐልማሳና እናቲቱም በተማሪ ቤት ደጃፍ በሚደረግ ዘመቻ አይደረስባቸውም።

አሁን ከአንጀት ወደ ጨጓራ እንለፍ። እስከ 1926 ድረስ ያለ ጥርጥር ይገድል የነበረ አንድ የደም ማነስ ዐይነት ነበር። በሽተኛው ቀስ በቀስ እየዛለ፥ ምላሱ እየተላጠ፥ እግሩ እየደነዘዘ ይሞታል። በዚያ ዓመት ማይኖትና መርፊ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በሽተኞቹን በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ ማዳን ቻሉ። ግን ሌላው ሰው ይህን ሁሉ ጉበት ሳይበላ ስለ ምን ጤነኛ ይሆናል? ዊልያም ካስል የተባለው ወጣት ሐኪም መልሱን ያገኘበት መንገድ ለሚሰማው የሚያስቀይም ነው። ለበሽተኞቹ የበሬ ሥጋ ብቻ ቢሰጣቸው ምንም አልለወጣቸውም። ከዚያ እርሱ ራሱ ሥጋውን በልቶ፥ ከአንድ ሰዓት በኋላ አስመልሶ፥ የተመለሰውን አዘጋጅቶ በቱቦ ወደ ጨጓራቸው ቢያገባው ደማቸው መታደስ ጀመረ። ይህን በ1929 አሳተመ። የጤነኛ ሰው ጨጓራ አንድ ረዳት ነገር ያመነጫል፤ የበሽተኞቹ ጨጓራ ይህ ጐድሎት ነበር። ረዳቱ የሚሸከመው ነገር በ1948 ተለይቶ ቫይታሚን ቢ12 ተባለ። ሁለቱ ተያይዘው እስከ ቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ይጓዛሉ፤ ቫይታሚኑም ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነው።

በጾም ምክንያት ቢ12 ያልቅብኛል ብለው የሚሠጉ ሰዎች አሉ። ጤነኛ ሰው በጉበቱ ያከማቸው ለብዙ ዓመታት የሚበቃ ስለ ሆነ በየመካከሉ የሚፍለውን ሰው ጾሙ ብቻውን አይጐዳውም። የሚያሠጋው ከችግር የተነሣ በፍስክም ሥጋና ወተት የማያገኘው ነው፤ ደግሞም ጨጓራው የተበላሸበት ሰው። ጨጓራን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ደግሞ ማርሻልና ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን በ1982 ያገኙት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ለዚህም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በኢትዮጵያ በተደረጉት ልዩ ልዩ ምርመራዎች በግማሽ ያህሉ ሰው ተገኝቷል። አብዛኛውን ሰው አያሳምመውም፤ አንዳንዱን ግን ያቈስለዋል፥ ቍስሉም ይደማል። አንዳንዱንም አሲዱን ቀንሶበት ብረትና ቢ12 በሚገባ እንዳይገቡ ያደርግበታል። ከዚህ ጋራ ሐኪም ሳያዝዝ ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የሚዋጡት እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ኪኒኖች ጨጓራን እንደሚያደሙ፥ ለጨጓራ ተብሎ ለዓመታት የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም የቢ12ን መግባት እንደሚቀንስ መታወቅ አለበት። ጨጓራዬ ነው ብሎ ራሱን የሚያክም ተማሪ በአንድ እጁ ቍስሉን እየነካካ በሌላው ሊሸፍነው ይችላል።

ቡናም የሚባልበት አለው። በ1983 በታተመ አንድ ጥናት አንድ ሲኒ ቡና ከምግብ ጋራ ሲጠጣ የሚገባውን ብረት ከመቶ 39 እጅ፥ ሻይ ደግሞ 64 እጅ ቀንሶታል። ምግቡ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም ያንኑ ያህል ቀንሷል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አላደረገም። ደሙ ለሚበቃው ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ደሙ ላነሰበት ግን የቡናውን ሰዓት መለወጥ ዋጋ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

እስከ አሁን ያየነው ድካም ሁሉ የመጣው በደም በኩል ነው። በደም በኩል የማይመጣም አለ። በ2004 መከር ወራት በርገን በተባለችው የኖርዌይ ከተማ የቧንቧ ውሃ በፍሳሽ ተበክሎ በሺህ የሚቈጠር ሰው ጃርዲያ ያዘው። ጃርዲያን በ1681 በገዛ ሰገራው ውስጥ መጀመሪያ ያየው ሌቨንሁክ ሲሆን፥ በአገራችንም ክሊኒክ ደጃፍ የቆመ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። የበርገን ሐኪሞች በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸውን ሰዎች ካልታመሙት ጋራ እያነጻጸሩ ለዓመታት ተከታተሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጃርዲያ ይዟቸው ከነበሩት ከመቶው 46ቱ የማይለቅ ድካም ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው ግን 12ቱ ብቻ። ከስድስት ዓመት በኋላ 31 በ11፥ ከዐሥር ዓመት በኋላም 26 በ11 ነበር። ተሐዋሲው ግን ከአብዛኞቹ ሆድ ከወጣ ቈይቷል። ምን ትቶ እንደ ሄደ፥ በአንጀት ግድግዳ ላይ ነው ወይስ በመከላከያ ሕዋሳት ወይስ በሆድና በአንጐል መካከል ባለው የነርቭ መገናኛ፥ ገና እየተጠና ነው። ለእኛ ግን አንድ የሚጠቅም ነገር አለው። ጃርዲያ ታክሞ ከዳነ በኋላ ድካሙ ያልለቀቀው ሰው ምርመራ ሳያደርግ ሜትሮኒዳዞልን ደጋግሞ እንዲውጥ ማድረግ፥ የሌለን ጠላት መውጋት ነው፤ ሰውየውንም እያሠቃየው ነው ብሎ መናቅ ትክክል አይደለም፤ ድካሙ እውነተኛ ነው።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ድካም ሁሉ ከሆድ ነው ብሎ እንዳያስብ እፈራለሁ። ሳንባ ነቀርሳ፥ የእንቅርት በሽታ፥ ስኳር፥ ኀዘን፥ ከሁሉም በላይ የእንቅልፍ ማነስ አሉ። ፈተና በቀረበበት ወር ለመጣ ድካም አንጀትን መክሰስ ፍትሕ አይደለም። ከሁለት ወር በላይ ሲቈይ፥ ሰውየውም ሲገረጣ፥ ዳገት ሲወጣ ልቡ ሲመታበት፥ እግሩ ሲደነዝዘው፥ ሳያስበው ሲከሳ ግን መመርመር ይገባዋል።

ምርመራውም ጥንቃቄ ይሻል። በደጋ አገር ኦክሲጅን ስለሚያንስ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል ተብሎ ስለሚታመን፥ የዓለም ጤና ድርጅት በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው የደም ማነስ መለኪያውን ከፍ ያደርገዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ልዩነቱ በ100 ሚሊ ሊትር ከአንድ ግራም በላይ ይሆናል። ነገር ግን ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ በ2002 ባሳተመችው ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠረፍ ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ከሆነ ለአንዲስና ለሌላው ዓለም የተሠራው እርማት ለእኛ ደገኛ ይስማማል ወይ? ይህ ለሕክምና ተማሪዎቻችን ጥሩ የምርምር ርእስ ነው። እስከዚያው ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ቢለካ ይሻላል። ፌሪቲን ግን በብግነት ጊዜ ያለ ብረት ከፍ ስለሚል ዝቅ ብሎ ሲገኝ ይመሰክራል፥ ከፍ ብሎ ሲገኝ ግን ብዙ አይታመንም። እግሩ የሚደነዝዘው ሰውም ቢ12 ሳይለካለት ፎሊክ አሲድ ብቻ እንዳይሰጠው፤ ደሙ ይስተካከልና ነርቩ እየተጐዳ ይሄዳል።

የሰገራ ምርመራም እንዲሁ ነው። ትሉ ዕንቍላሉን በየቀኑ እኩል ስለማይጥል፥ በአንድ ቀን ናሙና ምንም አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ በተለያዩ ቀናት ሁለት ሦስት ጊዜ መታየት አለበት። ካቶ ካትዝ በተባለው ዘዴ የተዘጋጀ መስተዋት ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ካልታየ የመንጠቆ ትል ዕንቍላል እየጠፋ ሄዶ አይገኝም። ጧት የተዘጋጀ መስተዋት ከሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ ቢታይ የወስፋት ዕንቍላል ቈይቶ ይገኝበታል፤ የመንጠቆ ትሉ ግን የሌለ ይመስላል።